ትይዩ ጣቢያዎች

ነሐሴ 4

የፓምፕ ጣቢያው ጥበቃ ዛሬ ተቀበረ።

እንዴት ነህ ወንድሜ። እኛ አለን። እማዬም ደህና ናት፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል እንጂ ሌላ አዲስ ነገር የለባትም። ስለ ቤታችን ጠይቀሃል፤ ውሃው አልደረሰብንም፣ እኛ ከድልድዩ በላይ ነን። የተጥለቀለቁት ከድልድዩ በታች ያሉት ናቸው። ፍራሻቸውን አስፋልት ዳር አስጥተዋል። ከመካከላቸው አንዱ የትንበያ ቢሯችን መስኮት ላይ ጭቃ ወርውሮ ሄደ። ጽዳቷን ጥረጊው ቢሏት፣ "የወረወረው ይጥረገው፣ እኔም ብሆን እወረውር ነበር" ብላ ባልዲዋን ይዛ ወጣች።

የጎርፍ ትንበያ ፕሮግራሙ ምን ብሎ ነበር ላልከው፦ ወንዙ ከግንቡ በታች ይቀራል ብሎ ነበር። በዚያ ትንበያ ተማምነን ከድልድዩ በታች ያሉትን ማንም አላስነሳቸውም። ጥበቃውንም ውጣ ያለው የለም፤ ውሃው እዚያው ደረሰበት። በማግስቱ ስሌቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት። አንተ የምታውቀው ነገር ነው፤ ግን አደጋውን የሚያጣራው ኮሚቴ ለማንኛውም ሰው በሚገባ መንገድ ጻፊ ስላለኝ ቃላቱን አንተ ላይ ልሞክራቸው።

በወንዙ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት የቆሙ ጣቢያዎች አሉን። የግራው ከግራ ሰፈር ቦዮች የሚገባውን ውሃ ይለካል፣ የቀኙ ከቀኝ የሚገባውን። ሁለቱም የለኩትን የሚደምሩት አንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ወንዙ አንድ ነዋ። እኔ በጻፍኩት በድሮው ፕሮግራም አንዱ ደምሮ እስኪጨርስ ሌላው ይጠብቅ ነበር። ከእናንተ ድርጅት በመጣው አዲስ መሣሪያ ላይ ግን እነዚህ ጣቢያዎች እንደማይነካኩ ተቆጥረው ምልክት ተደርጎባቸዋል። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ተነሱ፣ ሁለቱም የድሮውን ቁጥር አነበቡ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ጨመሩበት፣ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ደመሰሰው። የአንድ ዳርቻ ውሃ ከስሌቱ ጠፋ። ሲሞከር ያልታየው በጋ ስለነበር ነው። በበጋ የቀኝ ቦዮች ደረቅ ናቸው፤ ቢጠፋም የሚጠፋው ባዶ ነው።

ምልክቱን ያደረገው ቴክኒሻናችን ነው፤ ልኬት የምንለው፣ ወንበር ሊገዛ ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ የቤቱን በር የሚለካው። ለምን እንዲህ አደረግህ አልኩት።

"ወንድምሽ ነዋ ያለኝ" አለ። "ትይዩ የሆኑትን ጣቢያዎች ብቻ ምልክት አድርግባቸው አለኝ። ትይዩ የሆኑትን አንድ በአንድ ፈልጌ አደረግሁ። ካርታ ይዤ ነው የፈለግኋቸው።"

ለእሱ ትይዩ ማለት ፊት ለፊት ማለት ነው። ከባንኩ ትይዩ፣ ከፋርማሲው ትይዩ ሲል የኖረ ሰው ነው። አንተ ደግሞ በመጻሕፍታችሁ ቋንቋ፣ ሳይጠባበቁ እኩል ሊሠሩ የሚችሉትን ማለትህ ነበር። ገና ያልተገናኙ ገባር ወንዞች ላይ ያሉትን። መሣሪያው የማይነካኩትን ስጡኝ አለ፤ እኛ ከሁሉም ይልቅ የሚነካኩትን መርጠን ሰጠነው።

ውሃው በገባ ጠዋት ስደውልልህ ራስህ ነግረኸኛል። "ትይዩ ነው ያልኩት፣ ሌላ ምን ልበል?" ብለህ። በስልጠናው ላይ የነበራችሁት ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ አንተ በስልክ፣ እሱ ማሽኑ ፊት። እኔ እማዬን ይዤ ሆስፒታል ነበርኩ፤ "ሂጂ፣ እኔ ተክቼሽ አሳየዋለሁ" ያልከኝም ለዚያ ነው። ስልኩ አልተቀዳም። ኮሚቴው ልኬትን "ራስህን ለማዳን ነው እንዲህ የምትለው" እያለው ነው። ስለዚህ አንተ "ያልኩት ይህን ነው" ብለህ ሁለት መስመር ጻፍላቸው። አለዚያ ሰውየው በሰው ሞት ይከሰሳል።

እማዬ "ብርድ ላይ እንዳይቆም በይው" ትላለች። እዚያ አገር ሙቀት ነው ብላት አልሰማ አለች።

እህትህ

ነሐሴ 11

እትዬ፣

ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ። በወረቀት መጻፌም አይግረምሽ። የድርጅታችን ጠበቃ ስለዚህ ጉዳይ በስልክም በኮምፒውተርም አንዲት ቃል እንዳንተነፍስ ነግሮናል። ብዕር ከያዝኩ ስለቆየሁ ጽሑፌን ራሴ ማንበብ አቅቶኛል። ይቺንም ካነበብሻት በኋላ አታስቀምጪያት።

ስለ ጥበቃው አዝኛለሁ። ከልቤ ነው የምልሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የለም፣ መሣሪያው አልተበላሸም። አንቺ በጻፍሽው ውስጥ ክሮቹን፣ እኩል የሚሮጡትን ሥራዎች፣ በእጅሽ ነበር የምታስኬጃቸው፤ ይሄ ይቁም፣ ያ ይጠብቅ፣ ይሄ ቁልፉን ይያዝ፣ ያኛው ይልቀቅ። ካንቺ በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም። አንድ ትንበያ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። አንቺ ስትታመሚ ወንዙም አብሮሽ የሕመም ፈቃድ መውሰድ ነበረበት! ዓለም ከዚያ ከወጣ ቆየ። አሁን ከፍ ካለ ቦታ ሆነሽ ምን እንደምትፈልጊ ትናገሪያለሽ፤ ይህን ስሌት ለሁሉም ጣቢያ ሥራ፣ ውጤቱን ሰብስብ፣ በቃ። እንዴት የሚለውን፣ የትኛው ሥራ የትኛው ፕሮሰሰር ላይ ይሂድ፣ ማን ማንን ይቅደም የሚለውን ለእሱ ትተይለታለሽ። ከአንቺ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይነካካውን በትክክል እንድትነግሪው። ልኬት በትክክል አልነገረውም። ይሄ መሣሪያውም ላይ እኔም ላይ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የተጠቀምኩበት ቃል በሙያው ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው። ያልገባው ይጠይቃል። አንቺም ብትሆኚ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለምን አላየሽውም? በስልክ ያልኩሽን ደግሞ ደንግጬ ያልኩት ነው፤ እሱ ላይ አትንጠልጠይ።

ሁለቱን መስመር አሁን መጻፍ አልችልም። እባክሽ ተረጂኝ።

ይልቅ ደስ የሚል ነገር ልንገርሽ። የድርጅቱ ኢንሹራንስ የእማዬን የልብ ቀዶ ጥገና ሊሸፍን ተስማማ። እዚህ እኔ ጋ መጥታ ትታከማለች። ሐኪሙን አግኝቼዋለሁ፤ እጁ የተመሰገነ ነው። ከአንቺ የሚፈለገው የሆስፒታል ማስረጃዎቿን ሙሉ ቅጂ መላክ ነው፣ አንድም ገጽ ሳይቀር። ሽፋኑ የሚሠራው እኔ እዚህ ድርጅት ውስጥ እስካለሁ ድረስ ነው። ይሄን የምልሽ ለሌላ አይደለም፤ እንድታውቂው ብዬ ነው።

ጉንጯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ነሐሴ 19

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አስቀምጫታለሁ።

ለምን አላየሽውም ላልከው፤ እማዬን ከሆስፒታል አስወጥቼ ሥራ ስገባ ዳይሬክተሩ ሪባን ቆርጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ የእኔ ፕሮግራም ያለበት ማሽን ዕቃ ቤት ገብቶ ነበር። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ሪባን ሲቆረጥ ያየሁት ያኔ ነው። ሪባኑን የት እንዳሰሩት እንኳ አላውቅም።

ልኬት አመነ ወይ ብለህ በሰው አስጠይቀሃል። አላመነም። ትናንት ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ እኔም ነበርኩ። አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ግድግዳው ሥር ቆመን ነው የሰማነው። ሰብሳቢው ወፍራም መነጽር ያደረገ መሐንዲስ ነው፤ ሲናገር እስክሪብቶውን ያጠፋል፣ ያበራል።

"ትይዩ ማለት ምን ማለት ነው?" አለው።

"ፊት ለፊት ነዋ" አለ ልኬት።

"እኔ በኮምፒውተር ሙያ ነው የጠየቅኩዎት።"

"ጌታዬ፣ በኮምፒውተር ሙያ ሲሆን ወንዙ ቦታ ይቀይራል እንዴ?"

ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው አልሳቀም። "እርስዎ እዚህ ለቀልድ አልተጠሩም" አለው። ልኬት ቀልዱ የቱ ጋ እንደሆነ አልገባውም፤ ዞሮ እኔን አየኝ። ካርታውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ ያኔ ምልክት ሲያደርግ የተጠቀመበትን። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ጣቢያዎቹ ምን ያህል በትክክል ፊት ለፊት እንደቆሙ በማስመሪያ እያሳያቸው፣ ራሱን ይበልጥ ይከስ ነበር። ክንዱን ይዤ ልጎትተው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰብሳቢው ከፊቱ አንድ ወረቀት አንስቶ፣ "ድርጅቱ መመሪያው በሙያው ቋንቋ በግልጽ ተሰጥቷል ብሎ ጽፎልናል" አለ። ከታች የፈረመው ማን እንደሆነ አላሳዩንም። አንተ አይደለህም አይደል?

ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ምን እንደሚፈልጉ ብቻ መናገር ላልከው፣ በደንብ ገብቶኛል። አንተ ስትሄድ "እማዬን አደራ" አልከኝ። ምን እንደምትፈልግ ተናገርክ፤ እንዴት የሚለውን ለእኔ ተውክልኝ። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ጉልበት፣ ከሥራ ማን አስፈቅዶኝ፣ እሱን አትጠይቅም። ውጤቱን ብቻ በስልክ ትሰበስባለህ። ለካ እስከ ዛሬ ፕሮሰሰሩ እኔ ነበርኩ።

መሣሪያው ያውቃል ትላለህ። ምንም አያውቅም። የነገሩትን ያምናል፣ በቃ። እነዚህ አይነካኩም ካልከው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅህ ይለቃቸዋል። ይህን እንደ ጉድለት አላየውም፤ መሣሪያ ነው። ግን የሚያምን ነገር ለሰው ስትሰጥ፣ ከሰውየው ጋር በአንድ ቋንቋ መነጋገርህን ማረጋገጥ የአንተ ሥራ ነበር። "የማይነካኩትን" ብትለው ኖሮ ልኬት ከእኔም ከአንተም የተሻለ ይመርጥልህ ነበር። እማዬ ደረጃ ላይ የምትይዘውን ብረት ማን የሠራላት ይመስልሃል? መዳፏን በሜትር ለክቶ ነው የሠራላት፤ ሌላው ቢይዘው እጁ ላይ አይሞላም።

ቃሉን በደብዳቤህ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍከውም። ደግሜ አንብቤ ፈለግሁት። "የተጠቀምኩበት ቃል" ትላለህ። እጅህ እንቢ አለህ ወይስ ጠበቃው?

የጥበቃው ሚስት ቢሮ መጥታ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ካፖርት ልትመልስ። አጥባ፣ ተኩሳ፣ በላስቲክ ጠቅልላ። ንብረት ክፍሉ ተቀበለና "ቦቲውስ?" አላት።

"ቦቲው እግሩ ላይ ነበር" አለች።

"ታዲያ ጎደለ ብዬ ልጻፍ?"

"ጻፍ" አለችው።

እህትህ

ነሐሴ 28

እትዬ፣

በጣም አጭር ነው የምጽፍልሽ፣ አትቀየሚኝ።

ወረቀቱን ያዘጋጀው ጠበቃው ነው። ስሜ ከታች ያለው አሰልጣኙ እኔ ስለነበርኩ ብቻ ነው። ውሸት የለበትም። "በሙያው ቋንቋ" ነው የሚለው፣ በሙያው ቋንቋ ደግሞ በግልጽ ተነግሮታል። ልኬት ላይ ያለኝ ነገር የለም፤ ጥሩ ሰው ነው። በነጻ ይለቁታል ብዬ አምናለሁ። እንደዚህ ዓይነት ነገር ብዙ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ያልቃል።

ሌላ ቦታ እንዳይደገም የምንችለውን አድርገናል። ከአሁን በኋላ በሥልጠናዎቻችን ላይ ያንን ቃል ትተን "የማይነካኩ" እንላለን። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ወዲያው ተቀበሉት። ቀድሜ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ የሥልጠና ክፍሉ ኃላፊ አድርገውኛል። ልነግርሽ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ጊዜው አልመስል ይለኝ ነበር።

ኮሚቴው አንቺንም መጥራቱ አይቀርም። ሆስፒታል ነበርኩ በይ። እውነት ነው፣ ነበርሽ። ከዚያ ውጭ ያለውን አንቺ አልሰማሽም፤ በስልክ የተባለ ነገር ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የእማዬ ማስረጃዎች እስካሁን አልደረሱኝም። ሐኪሙ ቀጠሮ ይዞልኛል፤ ወረቀቱ መስከረም ሳያልቅ ካልገባ ተራዋ ለሌላ ይሰጣል። የተቆጣሽው በእኔ ነው፣ በእሷ አታድርጊው።

ወንድምሽ

መስከረም 6

የጠየቅኸው እየተሠራ ነው። የምጽፍልህ ከኮፒ ቤት ነው። የእማዬ ማስረጃዎች ግማሹ ተነስቶ ግማሹ ሲቀር መብራት ጠፋ፤ አንድ ገጽ እንዲያውም ማሽኑ ውስጥ ተነክሶ ቀርቷል፣ ጫፉ ይታየኛል። መቼ ይመጣል ብላት ባለ ሱቋ፣ "እኔ ጋ ነው እንዴ የተደበቀው እመቤቴ? ቁጭ በይ" ብላ ወንበር ሰጠችኝ። ወረቀትም እሷ ናት የሰጠችኝ፤ በጀርባው የተበላሸ ኮፒ ነው፣ ግድ የለህም።

አዎ፣ ጠርተውኛል። ትናንት ጠዋት። የመከርከኝን አልኩ። ሆስፒታል ነበርኩ አልኩ። "ሌላ የሚጨምሩት አለ?" አለኝ ሰብሳቢው። የለም አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ስወጣ ሰብሳቢው እጄን ጨብጦ "ወንድምዎም በጣም ተባብረውናል፣ ያመስግኑልን" አለኝ። ይኸው፣ አመስግነውሃል።

በማስጠንቀቂያ ያልቃል ብለህ ነበር። ልኬት ከሥራ ተሰናብቷል። ነገሩ ለዐቃቤ ሕግ ሊመራ ነው። ዛሬ እስከ ቀትር ቃል የሚሰጥ ሰው ካለ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያ በራቸው ላይ ለጥፈዋል፤ ከቀትር በኋላ መዝገቡን ያሽጉታል።

ትናንት ከዚያ ስመለስ ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። የልብ ሕመም እንዳለባት አውቃለሁ፤ ታማሚ ናት ብዬ እስካሁን የደበቅኳት እኔ ነኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጨርሳ ሰማችኝ።

"ልጄ ነው" አለች።

"ልኬትስ?"

"ልኬት ጨዋ ሰው ነው። እግዜር ይጠብቀው።"

"እማዬ፣ ይታሰራል እኮ!"

"እኔስ? እኔ ልሙት?" አለችኝ። "አንቺ ደግሞ ከልጅነትሽ ጀምሮ ልክ መሆን ትወጃለሽ። ልክ ትሆኚና ብቻሽን ትቀመጫለሽ።"

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳትዞር፣ "ወረቀቶቼን ነገ ትልኪያለሽ?" አለች። እልካለሁ አልኳት። መሞት ትፈራለች። አልፈርድባትም። እኔም እንድትሞት አልፈልግም፤ ሌት ተቀን ትንፋሿን የማዳምጠው እኔ ነኝ።

ዛሬ የመጣሁትም ልልክልህ ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ተራ እስኪደርሰኝ ደብዳቤህን ደግሜ አወጣሁትና "የማይነካኩ እንላለን" የሚለው ላይ ደረስኩ። ቀድሞ ሳነበው ከሌላው ጋር አልፌው ነበር። ቃሉን ቀይራችሁታል። ለሚቀጥለው ሰው፣ ለማታውቁት ሰው፣ እንዳይሳሳት ብላችሁ። አንድ ቃል ካላሳሳተ አይቀየርም። ስለዚህ ታውቃላችሁ። አንተ፣ ጠበቃው፣ ሐሳብህን ወዲያው የተቀበሉህ ሰዎች፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተማራችሁት ከልኬት ነው፤ አንተ ወንበር ተሰጠህበት፣ እሱ መጥሪያ ተሰጠው።

ተናድጄ አይደለም የምጽፍልህ። ብናደድ ይቀለኝ ነበር።

የኮሚቴው ቢሮ ከዚህ መንገዱን መሻገር ነው፤ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኜ ደረጃው ይታየኛል። ልኬት እዚያ ቆሟል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጠበቃ የለውም፣ ከእሱ ጋር የመጣም ሰው የለም። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ያነባል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶ ወጥቶ ያነባል። አሁን አንድ ሰው በሩን ከውስጥ ከፍቶ አናገረው፤ ልኬት ሁለት እጁን ዘረጋለት፣ ባዶ መሆናቸውን እንደሚያሳይ ሰው።

ብገባ የምለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ጠዋት በስልክ ያልከኝን፣ ልክ እንዳልከው። ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም ብለኸኛል። ይሆናል። ግን የሚሆነውን አውቃለሁ፤ ይጠሩሃል፣ ድርጅትህም ይሰማል፣ ድርጅትህ ከሰማ ወንበሩ አይቆይልህም። አንተ ከወጣህ የእማዬ ሐኪም አብሮ ይወጣል። ሌላ ሐኪም እፈልጋለሁ እላለሁ፤ እንደማላገኝ አውቃለሁ፣ እዚህ ያሉትን ሁሉ አዳርሻቸዋለሁ። አንተ አታናግረኝም። እሷም ፊቷን እንዳዞረች ትቀራለች፣ የቀራትን ጊዜ። ይሄን ሁሉ አስቤዋለሁ። ስጽፍልህ ነው ያሰብኩት፤ መስመሩ ላይ አለ፣ ወደ ኋላ ብታነብ ታየዋለህ።

መብራት መጣ። ማሽኑ ራሱን እያጸዳ ይጮሃል። ባለ ሱቋ የተነከሰውን ገጽ ጎትታ አወጣች፤ አልተቀደደም። "እመቤቴ፣ የቀረውን አምጪ፣ ሰው ሳይመጣ ልጨርስልሽ" ትላለች። የቀረው ጭኔ ላይ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን ቆሜ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌ ይበላሽብሃል። ወረቀቶቹን ባንኮኒዋ ላይ አስቀምጬላታለሁ። "ስንት ስንት ላንሳልሽ?" ትለኛለች። ወደ በሩ እየሄድኩ ነው። "ኧረ ሴትዮዋ! የት ነው? አልጨረስንም እኮ!"

መንገዱ ላይ መኪና በዝቷል። የሱቁን በር ከፍቻለሁ፤ ልኬት አሁንም ደረጃው ላይ ነው።